ግማሹ ያልመጣላቸው ልብሶች

በ፲፱፻፲፩ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር መጨረሻ ሳምንት፣ በከተማይቱ መካከል የሚያልፈው ቦይ አንድ ቀን ሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ዋለ። ከድንጋዩ ድልድይ ጀምሮ እስከ ቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ድረስ ውሃው የጠራ ሰማይ መሰለ፤ ልብስ አጣቢዎች እጃቸውን ከውሃው አውጥተው ቆሙ፤ ፈረሶች አጎንብሰው አሸተቱና ሳይጠጡ ቀና አሉ፤ አንድ ሽማግሌ ድልድዩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ ራሱም አላወቀም፤ በዚያ ሳምንት ሰው ሁሉ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለአስከሬን ነበርና፣ ምናልባት እጁ ለምዶበት ይሆናል።

ያን ሰማያዊ ወደ ቦዩ የደፋችው የማቅለሚያ ቤቱ ባለቤት ነበረች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤ የጥፍሮቿ ሥር በውሃም በአሸዋም የማይለቅ ቀለም ስለያዘ የሰፈሩ ሰው «ጣተ ሰማያዊ» ይላታል። ቤቷ ጠባብ ነው፤ ፊቱ ወደ መንገዱ፣ ጀርባው ወደ ቦዩ፤ ከታች ሦስት የእንጨት ገንዳዎችና አንድ ትልቅ ምድጃ፣ ከላይ ደግሞ እሷና አንድ ልጇ የሚተኙበት ክፍል። ከገንዳዎቹ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ ነበር። ቀዩና ጥቁሩ በየጊዜው ተደፍተው በአዲስ ይሞላሉ፤ ሰማያዊው ግን እንደ እርሾ ያለ፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ አማቷ በጎልማሳነቷ የጠነሰሰችው፣ አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቀዝቅዞ የማያውቅ፣ በየጠዋቱ እየተሸተተ፣ በምላስ ጫፍ እየተቀመሰ፣ ብርድ በሆነ ጊዜ እንደ ሕፃን እየተሸፈነ የኖረ።

ይህን ቤት ለልጇ ማውረስ የጣተ ሰማያዊ አንድ ሐሳቧ ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እሷ ራሷ በሰው ቤት አገልጋይ ሆና ያደገች ነበረችና፣ ልጇ በሰው ደጅ ቆማ «እሺ እሜቴ» ስትል እየታያት በጠራራ ፀሐይ የምትደነግጥ እናት ነበረች። ልጅቱ ሃያ ዓመት ሞልቷታል፤ እጇ ፈጣን፣ ምላሷም ከእጇ የማያንስ፤ አባቷ በሕይወት ሳለ ፊደል አስቆጥሯት ማንበብና መጻፍ ታውቃለች። እናቲቱ ግን አንድም ፊደል አታውቅም፤ ስለዚህ የቤቱ ደረሰኝ እንጨት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብስ ይዞ የመጣ ሰው በተገኘ ጊዜ ጣተ ሰማያዊ ስንዝር የምታህል እንጨት ታነሣለች፤ በጎኗ ላይ በቢላ ሦስት ወይም አራት ምልክት ትቆርጣለች፤ ከዚያም እንጨቷን ከራስጌ እስከ ግርጌ ለሁለት ትሰነጥቃታለች። ግማሹ ከልብሱ ጋር ይታሰራል፤ ግማሹን ባለልብሱ ይወስዳል። ባለልብሱ ሲመለስ ሁለቱ ግማሾች ይገጠማሉ፤ ምልክቱ ከምልክቱ፣ የእንጨቱ ሥር ከሥሩ ከገጠመ ልብሱ ይሰጣል። በዓለም ላይ አንድ ዓይነት የሚሰነጠቁ ሁለት እንጨቶች የሉምና ስሕተት የሚባል ነገር አልነበረም። ይህን ሥርዓት ያወጣው ባሏ ነው፤ በወጣትነቱ «ወንድሟ ነኝ» ላለ ሌባ የሙሽራ ቀሚስ ሰጥቶ፣ ሙሽራዪቱ በሠርጓ ዕለት ደጁ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ስላየ። ሲሞትም የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነበር፤ «ግማሹን ላላመጣ አትስጪ፤ ንጉሥም ቢሆን።»

ንጉሥ አልመጣም፤ የጦር ሰፈሩ ሻለቃ ግን አንድ ጊዜ ካፖርታቸውን ለማስወሰድ ወታደር ያለ እንጨት ልከው ነበር።

«ለሻለቃው ንገርልኝ፤ ካፖርታቸው ደኅና ነው፤ ግማሹን ብቻ እየጠበቀ ነው» አለችው።

«ሴትዮ፣ ያስሩሻል እኮ!»

«ይሰሩኝ፤ እኔ ብታሰር ልጄ አለች፤ እሷም አትሰጣቸውም።»

ሻለቃው ይህን በሰሙ ጊዜ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ በማግሥቱ ግማሽ እንጨታቸውን እንደ ሻምላ ከፍ አድርገው ራሳቸው መጡ፤ በሳምንቱም የሻለቃውን ጦር ካፖርት ሁሉ ወደ እሷ ላኩ። ከዚያ ወዲህ በከተማይቱ ስለታመነ ሰው ሲነገር «እንደ ጣተ ሰማያዊ እንጨት ነው» ይባል ጀመር። ቤቱ የቆመው በዚህ ስም ነበር፤ የወደቀውም በዚሁ ነው፤ ነገር ግን ይህ የታወቀው በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት፣ ዓለምን ያመሰው ጦርነት ሊያበቃ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ የሳሉ ወረርሽኝ ከተማይቱ ገባ። ጠዋት ሱቁን የከፈተ ማታ አይዘጋውም፤ የሬሳ ሣጥን የሚሠራው አናጢ የራሱን ሣጥን ሳይሠራ ሞተ። ሰዎች ነጭ ቀሚሳቸውን፣ ቀይ ሻላቸውን፣ አረንጓዴ ካባቸውን እየያዙ ወደ ማቅለሚያው ቤት ጎረፉ፤ የሁሉም ቃል አንድ ነበር፤ «ጥቁር አድርጊልኝ።»

መጀመሪያ ቀዩ ገንዳ ጥቁር ሆነ። እሱም አልበቃ ሲል እናቲቱ ወደ ሰማያዊው ዞረች።

ልጅቱ ገንዳው ፊት ቆመች። «እማዬ፣ ይህን አትንኪው።»

«ሰው በሬ ላይ እያለቀሰ ሰማያዊ ላሙቅ?»

«ሀዘኑ ያልፋል።»

«ያልፋል። ዛሬ ግን አላለፈም።»

«ጥቁር የሚሆነው በብረት ዝገት ነው፤ እንጨት አንዴ ብረት ከጠጣ አይረሳውም፤ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ይህ ገንዳ ሁለተኛ ሌላ ቀለም አያወጣም። የቀሩት ሰዎች ነገ ይምጡ በያቸው።»

እናቲቱ ክዳኑን አነሣች። «ነገ ይምጡ ያልኩት ሰውዬ ትናንት ሞተ» አለች።

ልጅቱ ከፊቷ ዞር አለች። ሁለቱም ተሸክመው ሰማያዊውን ወደ ቦዩ ደፉት፤ ከሦስት በሮች የመጣ ለቅሶ እየተሰማ፣ አርባ ዓመት የኖረው ነገር በአንድ ጠዋት ወረደ። ቆጥ ላይ ያለውን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባልላት ሴት እንኳ የምታወርደው ነገር አይታት ነበር፤ ጣተ ሰማያዊ ግን ያየችው የሰው እንባ ብቻ ነው። አንዳንዱ ንግድ የሚጠፋው በስግብግብነት ነው ይባላል፤ ይህ በርኅራኄ ጠፋ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ የሰላሙ ወሬ መጣ። ከጦር ሰፈሩ መድፍ ተተኮሰ፤ ሕዝቡ ወደ አደባባይ ወጣ፤ እየዘለለ፣ እየተቃቀፈ፣ ባርኔጣውን ወደ ላይ እየወረወረ። ጣተ ሰማያዊ ከፎቁ መስኮት ቆማ አየች፤ የሚዘለው ሕዝብ ሁሉ ጥቁር ለብሷል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእጇ ሥራ ነበር። ደስ ሊላት ፈለገች፤ ነገር ግን ብርድ ብርድ አላትና መስኮቱን ዘጋች።

የሳሉ በሽታ በጥር ወር ለቀቀ። ሕመም ሲለቅ ሰው የሚያደርገውን ሰው ሁሉ አደረገ፤ ወለሉን በኖራ አጠበ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣ፣ የሞተውን እያነሣ አለቀሰ፣ ከዚያም ማንሣቱን ተወ። በማቅለሚያው ቤት ግን አርባ አንድ ልብሶች ቀሩ። የሞተባቸውን ሊያለቅሱ ልብሳቸውን አጥቁሩልን ብለው የሰጡ፣ ልብሱ ሳይደርቅ ራሳቸው የተለቀሰላቸው ሰዎች ነበሩ። ልብሶቹ ከጣራው መንጠቆ ላይ በሦስት ረድፍ ተሰቅለው፣ በየአንገታቸው ግማሽ እንጨት ታስሮ፣ ይጠባበቁ ነበር። የቦዩ ነፋስ በኋላው በር በገባ ቁጥር እጅጌዎቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ እንጨቶቹም እርስ በእርስ ይጋጫሉ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚመስል ድምፅ ነው።

ከልብሶቹ መካከል አንዲት የሕፃን ቀሚስ ነበረች፤ ከክንድ የማትረዝም። ጣተ ሰማያዊ ማን እንዳመጣት ለማስታወስ ብዙ ደከመች፤ በዚያ ሳምንት ፊት ሁሉ አንድ ፊት ሆኖባት ነበርና አልመጣላትም። እንጨቱ ማንነት አይናገርም፤ ግማሹን ብቻ ይናፍቃል።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ቀስ በቀስ ራቀ። አንዲት ወጣት ለቀለበቷ ቀን ሻል ልታስቀልም ገባች፤ ቀና ብላ ሦስቱን ረድፍ አየች፤ ሻሏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወጣች። ሌላው ቢጫ ጠየቀ፤ ሌላው ቀይ ጠየቀ፤ ሦስቱም ገንዳዎች ብረት የጠጡ ነበሩና የሚወጣው ሁሉ እንደ አመድ የደበዘዘ ሆነ። ከከተማይቱ ዳር ካለው ወንዝ ማዶ ደግሞ አንድ ባለሀብት ከውጭ ያስመጣው የእንፋሎት ማቅለሚያ ተተክሎ፣ በቆርቆሮ ጣሳ የታሸገ ዱቄት ቀለም፣ ሮዝ ቢሉ ሮዝ፣ ብርቱካን ቢሉ ብርቱካን፣ በአንድ ቀን ያወጣ ነበር።

በሚያዝያ ወር አንድ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች። ሱቋ ከጎዳናው ማዶ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከእጇ ዳቦ ይገዛል፤ ወሬም እንደዚያው። በሩ ላይ ቆማ ወደ ላይ አመለከተች።

«እትዬ፣ ያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው የእህቴ ቀሚስ ነው። ወገቡ ላይ ሽንሽን አለው። እናቴ ሌት ተቀን ትጠይቀኛለች፤ ስጭኝ።»

ጣተ ሰማያዊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፤ «ግማሹስ፣ እህቴ?»

«የምኑ ግማሽ?»

«የእንጨቱ።»

«እጇ ውስጥ ነበር» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ጨብጣው ሞተች። ጣቶቿን መፈልቀቅ አቃተንና አብሯት ተቀበረ። ምን ላድርግ? ሄጄ ልቆፍር?»

«ያለ ግማሹ ከሰጠሁ፣ ነገ የሌላውን ሰው እሰጣለሁ። ባለፈው ወር በእናት ብቻ የሚገናኙ ሁለት ወንድማማቾች ለአንድ ካፖርት መጥተው ሁለቱም የአባቴ ነው ብለው ማሉ፤ አባታቸው ግን አንድ አልነበረም። ጥቁር ሁሉን አንድ አድርጎታል፤ ዓይን ይሳሳታል።»

«የእህቴን ቀሚስ የማላውቅ መሰለሽ? እኔ ነኝ እኮ የሰፋሁላት!» አለችና ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። ከዚያም መለስ ብላ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ፣ «እንጨት አምላኪ! ሙታንን አስረሽ የምትኖሪ! እነሱ መውጣት ያቃታቸው ቤት ሕያው ሰውም አይገባበት!» ብላ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አልገባም።

በከተማይቱ የቆየ ሕግ ነበር፤ የቦዩ ውሃ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ፣ ምድጃው አርባ ቀን ለሰው ሥራ ያልነደደ ቤት ከቦዩ ዳር ይነሣና ቦታው ለሚቀጥለው ይሰጣል። ለታይታ የተለኮሰ እሳት አይቆጠርም። ይህን የሚጠብቁት የቦዩ አለቃ ነበሩ፤ ቀድሞ የመድፈኛ መቶ አለቃ የነበሩ፣ ግራ ጆሯቸውን መድፍ የወሰደባቸው፣ ጺማቸው የተበጠረ ሽማግሌ። በሠላሳኛው ቀን መጥተው ምድጃውን በዘንጋቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ።

«እመቤት፣ ቀዝቅዟል» አሉ ጮክ ብለው፤ ደንቆሮ እንደሆነ ሰው።

«አለቃ፣ የምነግርዎት አለኝ።»

«ልመና ከሆነ በግራው ይንገሩኝ፤ እሱ አይሰማም። ሥራ መጣ የሚሉኝ ከሆነ ቀኙ ይኸውልዎ።»

ጣተ ሰማያዊ በግራ ጆሯቸው በኩል ሄዳ ረጅም ነገር ነገረቻቸው፤ ስለ ልጇ፣ ስለ ሰው ደጅ፣ ስለምትፈራው ነገር ሁሉ። ሽማግሌው እስክትጨርስ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ ምን ያህሉን እንደሰሙ አይታወቅም።

«አሥር ቀን አለዎት» አሉ ሲወጡ። «የእንፋሎቱ ጌታ ማመልከቻቸውን አስገብተዋል። በእኔ ቢሆን ኖሮ... የለበስኩት ኮት እርስዎ ያጠቆሩልኝ ነው፤ ለልጄ የለበስኩት።»

ልጅቱ በሩን ዘግታ ወደ እናቷ ዞረች። «አሁንስ በቃሽ? የእያንዳንዱን ቤት በር ላንኳኳ፤ ማን ምን እንደሰጠ፣ ምን ምልክት እንዳለበት ጠይቄ ስማቸውን በወረቀት ልጻፍ። ልብሱ ወጥቶ ይሂድላቸው። እዚህ ቤት አየር ይግባ!»

«ወረቀት ይዋሻል። የፈለጉትን ይጻፉበታል፤ እንጨት ግን ሁለተኛ እንደ መጀመሪያው አይሰነጠቅም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀቱ ይቅር ካልሽ እንግዲህ ከሁለቱ የቀረውን መርጠሻል ማለት ነው።»

እናቲቱ ሳታስበው ሳቀች፤ ከሳሉ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ወዲያው ግን ነፋስ ገባና እንጨቶቹ ቀጭ፣ ቀጭ አሉ፤ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«አባትሽ ሲሞት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ» አለች።

«አባዬ ስለ ሌባ ነው የተናገረው፤ ስለ ሙት አልነገረሽም።»

በሠላሳ አራተኛው ቀን እናቲቱ ለምድጃ የሚሆን ፍልጥ ልታይ በሄደች ጊዜ ልጅቱ መሰላል አቆመች፤ ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለውን ቀሚስ አወረደች፤ ክሩን ፈትታ እንጨቱን ኪሷ ከተተች፤ ቀሚሱን አጥፋ ለዳቦ ጋጋሪዋ ወስዳ ሰጠች። ዳቦ ጋጋሪዋ ትኩስ ዳቦ አስታቀፈቻት። እናቲቱ ስትመለስ ባዶውን መንጠቆ አየች፤ ዳቦውንም አየች፤ አልተቆጣችም። ዳቦውን ግን አልቀመሰችም።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ግድም፣ አንዲት ቀጭን ሴት ገባች፤ ፀጉሯ በበሽታው ረግፎ እንደ ጫጩት ላባ ብቅ ብቅ ብሏል፤ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ግማሽ እንጨት ዘረጋች።

«ስምንት ወር ሙሉ ይህን ትራሴ ሥር ይዤ ተኛሁ» አለች እየሳቀች። «አዋላጅ ነኝ፤ ለባሌ ሀዘን ቀሚሴን ሰጥቼሽ፣ በማግሥቱ ለወሊድ ወደ ሌላ ከተማ ተጠርቼ እዚያው ወደቅሁ። ሞተች ብለው ሊገንዙኝ ሲሉ አስነጠስኩ አሉ። ከዚያ ወዲህ የምገባበት ቤት ሁሉ ሰው ይሸሸኛል፤ አንቺ አልሸሸሽም፤ ተመስገን!»

ጣተ ሰማያዊ ግማሹን ተቀብላ በየረድፉ ዞረች። አርባውንም ሞከረች፤ አንዱም አልገጠመም። ልጅቱ ግድግዳውን ተደግፋ ፊቷ አመድ መስሏል። በመጨረሻ እጇን ኪሷ ከተተችና፣ ያን እንጨት አውጥታ ለእናቷ ሰጠች። ሁለቱ ግማሾች ገጠሙ፤ በመካከላቸው ክር እንኳ አያስገቡም።

ቀና ብለው ሲያዩ፣ በሦስተኛው ረድፍ ከኋላ በኩል ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለው ሌላ ጥቁር ቀሚስ ተሰቅሎ ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋ በዓይኗ አውቄዋለሁ ብላ የወሰደችው የአዋላጇን ቀሚስ ነበር።

አዋላጇ እንጨቶቹን እንደያዘች ሦስቱም ጎዳናውን ተሻግረው ሄዱ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ የዳቦ ጋጋሪዋ እናት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀሚሱን እንደ ሕፃን አቅፈው፣ አንገትጌውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው። ዓይናቸው ብዙ አያይም።

«ይሸተኛል» አሉ አሮጊቷ ወደ ገባው ሰው ሳይዞሩ። «ቀለሙ አልሸፈነውም። የልጄ ሽታ አለበት።»

ዳቦ ጋጋሪዋ የአዋላጇን እጅ አየች፤ እጇ ላይ ያሉትን ሁለት የተገጠሙ እንጨቶች አየች፤ ሁሉንም ተረዳች፤ አፏን ልትከፍት ስትል አዋላጇ በዓይኗ ከለከለቻት።

«ማነው?» አሉ አሮጊቷ።

«አዋላጅ ነኝ፣ እማማ። ቤት ተሳስቼ ነው» አለች። ቀረብ ብላም እንጨቶቹን አሮጊቷ ጉያ ውስጥ አስቀመጠች። «ይህም የቀሚሱ ነው፤ አብሮ ይሁን።»

ሲወጡ አዋላጇ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቦርሳዋን ከፍታ ነጭ ቀሚስ አወጣች።

«ለዚያ አትዘኚ፣ እቴ። ጥቁር በቃኝ፤ እናቶችን ላዋልድ ስገባ ጥቁር ለብሼ መግባት ይብቃኝ። ይህን ሰማያዊ አድርጊልኝ። እንደ ድሮው የአንቺ ሰማያዊ።»

ልጅቱ የእናቷን ክንድ ጨበጠች፤ በጆሮዋም አንሾካሾከች፤ «እማዬ፣ እሺ በያት። ተቀበያትና እሳቱን ለኩሺ፤ ሥራ ነው፣ አለቃው ይቆጥሩታል። ቀለሙን በኋላ እናስብበታለን። አንድ ቀን ነው የቀረን!»

ጣተ ሰማያዊ ነጩን ቀሚስ በእጇ ይዛ ብዙ ቆየች። በጣቶቿ መካከል አሻሸችው፤ ጥሩ ጨርቅ ነበር፤ ሰማያዊ ቢነካው እንዴት እንደሚጠጣ ታየት። ልጇን አየች፤ የሰው ደጅ ታየት፤ «እሺ እሜቴ» የሚለው ድምፅ በልጇ አፍ ተሰማት። ከዚያም ቀሚሱን አጥፋ መለሰች።

«ሰማያዊ የለኝም፣ እህቴ» አለች። «ነበረኝ፤ ደፋሁት። ወደ እንፋሎቱ ቤት ሂጂ፤ እነሱ አላቸው።»

በማግሥቱ፣ በአርባኛው ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ጣተ ሰማያዊ ራሷ መሰላሉን አቆመች። ከጀርባው በር እስከ ድንጋዩ ድልድይ ድረስ በቦዩ ዳር ገመድ ዘረጋች፤ አርባውን ልብስ አንድ በአንድ አውጥታ ሰቀለች፤ ከእያንዳንዱም አንገት እንጨቱን ፈታች። ልጅቱ ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ መቆንጠጫ እያቀበለች ተከተለቻት። ነፋሱ ልብሶቹን ሞላቸው፤ ከሩቅ ለሚያይ አርባ ሰዎች ቦዩን ሊሻገሩ ተሰልፈው የቆሙ ይመስሉ ነበር።

መጀመሪያ ማንም አልቀረበም። ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች፤ ሽንሽን ያለውን ሁለተኛውን ቀሚስ አገኘች፤ ነክሳ የበጠሰችውን የክር ቋጠሮ በጣቷ ፈልጋ አወቀችና ፊቷን ቀበረችበት። ከዚያ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ከዚያ ሁለቱ ወንድማማቾች፤ ካፖርቱን መካከላቸው ይዘው፣ አንዱ በአንዱ እጅጌ፣ ሌላው በሌላው እጅጌ፣ ሳይጣሉ ሄዱ። ሰው ሁሉ በዝግታ ይራመድ ነበር፤ አንዳንዱ የራሱን ወሰደ፤ አንዳንዱ ምናልባት የሰው ወሰደ። ጣተ ሰማያዊ በሩ ላይ ተቀምጣ ማንንም አልጠየቀችም።

የቦዩ አለቃ ዘንጋቸውን ይዘው ከድልድዩ ወዲህ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ገመዱ ሲራቆት ቀረብ አሉ።

«እመቤት፣ ምድጃውን ልይ?»

«ማየት አያስፈልግዎትም፣ አለቃ። ቀዝቅዟል» አለች፤ በቀኝ ጆሯቸው በኩል።

ገመዱ ላይ የቀረችው ያች የሕፃን ቀሚስ ብቻ ነበረች።

በከተማይቱ መዝገብ ስለዚያ ዓመት የተጻፈው ብዙ ነው። በሳሉ የሞተው ሰው ቁጥር ተጽፏል፤ መድፉ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ተጽፏል፤ የእንፋሎቱ ማቅለሚያ መቼ ወደ ቦዩ ዳር እንደተዛወረ፣ ስንት ሠራተኛ እንደቀጠረ ተጽፏል። ስለ ጣተ ሰማያዊ ቤት ያለው አንድ መስመር ነው፤ «ምድጃው አርባ ቀን ባለመንደዱ ቦታው ተነሣ።» ያነበበ ሰው ስንፍና ይመስለዋል፤ ወይም የዘመን ለውጥ ነው ብሎ ያልፋል። አንዲት ሴት ለሚያለቅስ ሰው ያላትን ሁሉ እንደሰጠች፣ የሞተ ሰው አደራ እንደጠበቀች፣ በመጨረሻም የሌላትን ቀለም አለኝ አልልም እንዳለች፣ ቤቱም በእነዚህ በሦስቱ እንደተዘጋ የጻፈ የለም። እንዲህ ያለው ነገር በመዝገብ አይገባም፤ መዝገብ የሚጠይቀው እሳቱ ነደደ ወይስ አልነደደም ብሎ ነው።

ልጅቱ የእንፋሎቱ ቤት ገባች፤ እናቷ እንደፈራችው በሰው ደጅ። ነገር ግን መጻፍ ስለምትችል ልብስ ተቀባይ አደረጓት፤ በእያንዳንዱ ልብስ ላይ የባለቤቱን ስም በወረቀት ጽፋ ታስር ነበር። እናቲቱ በተከራዩት ክፍል ውስጥ አምስት ዓመት ኖረች። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ልጇ ከሥራ ስትመለስ፣ «ፊደል አስቆጥሪኝ» አለቻት፤ ልጅቱ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ተወችና አጠገቧ ተቀመጠች። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ቆጠሩ፤ ጣቷ እንደ ማማሰያ እንጨት ጠንካራ ስለነበር እርሳስ ይሰበርባት ነበር።

መጻፍ በቻለች ጊዜ የጻፈችው ስሟን አልነበረም። አርባ አንድ መስመር አሰመረች። በየመስመሩም ከልብሱ ጋር ያስታወሰችውን ጻፈች፤ «የአናጢው ሚስት ሻል»፤ «የሁለቱ ወንድማማቾች ካፖርት»፤ «የዳቦ ጋጋሪዋ እህት ቀሚስ»፤ «የአዋላጇ ቀሚስ፣ ከአሮጊቷ ጋር ያለው»። ፊደሎቹ ትልልቅና ጠማማ ነበሩ። ሁሉንም ሞላች፤ አንዱ መስመር ብቻ ቀረ። ትንሿን ቀሚስ ከሣጥን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻት፤ እርሳሱን ይዛ ብዙ ጊዜ ቆየች፤ ቀሚሷን ያመጣችው እናት በሩ ላይ ቆማ የነበረችበትን ቀን፣ ፊቷን፣ ድምፅዋን ፈለገች።

አላገኘችውም። ያችን መስመር ባዶ ተወቻት።